አሮጌ ላፕቶፕ፣ አዲስ ስክሪን፦ ስለ ቦርዱ የሚባለውና እውነታው

አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ የተሻለ ስክሪን ለመግጠም ራሳቸው ትንሽ ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚበየዱበት ሰሌዳ) ነድፈው የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። ወሬው ሲነሳ ግን አንዱ «ሽቦ ማገናኘት አይደል እንዴ?» ይላል፣ ሌላው «ያለ ፋብሪካ አይሞከርም»። ሁለቱም አላወቁትም።

«ኮኔክተሩ (የገመዱ መሰኪያ) ከገባ ይሠራል»

ላይሠራ ብቻ ሳይሆን ሊያቃጥልም ይችላል። የድሮ ፓነሎች (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ አካል) ምስል የሚቀበሉት ኤልቪዲኤስ በሚባል የሲግናል ዓይነት ነው፣ አዲሶቹ ኢዲፒ በሚባል። ባለ 40 ፒን ኮኔክተር በሁለቱም አለ፤ የፒኖቹ ሥራ ግን ለየቅል ነው። 3.3 ቮልት በሚጠበቅበት ፒን የባክላይቱ (ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት) ቮልት ከመጣ ፓነሉ አለቀለት።

«እሺ፣ ፒኖቹን አቀያይሬ ብበይድስ?»

አሁንም አይሆንም። ኤልቪዲኤስ ለክሎክ (ዳታው መቼ እንደሚነበብ ለሚጠቁመው ምት) የራሱ ሽቦ አለው። ኢዲፒ ደግሞ ክሎኩን ከዳታው ጋር አዋህዶ ይልካል፤ ከዚያ በፊትም ከፓነሉ ጋር ስለ ፍጥነት ይነጋገራል። ይህን የሚያደርገው ቺፕ እንጂ ሽቦ አይደለም።

«የተሻለ ፓነል ብገዛ ጥራቱ ይጨምራል»

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ቲንክፓድ ኤክስ220 እንይ። ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክሰል ነው። ወደ ስክሪኑ የሚሄደው የኤልቪዲኤስ መስመር ነጠላ ቻናል (አንድ የዳታ መንገድ ብቻ ያለው) ስለሆነ 1920 በ1080 አይችልም። ታዲያ ሰዎቹ ምን ዘየዱ? ወደ ዶክ (ላፕቶፑ ላዩ ላይ የሚሰካበት የመውጫዎች ማብዣ) የሚሄደውን የዲስፕሌይፖርት (የውጭ ሞኒተር ማገናኛ) ሲግናል ከማዘርቦርዱ ላይ ጠለፉት! ኢዲፒ ከዲስፕሌይፖርት የተወለደ ስለሆነ መተርጎሚያ ቺፕ አያስፈልግም። ቦርዷ ሲግናሉን በፀጉር ቀጭን ሽቦ ትቀበልና ለፓነሉ ታደርሳለች። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት ደስ ይለኛል፤ ነፃ ግን አይደለም። የዶኩ የዲስፕሌይፖርት መውጫ ይሰዋል። ፈርምዌሩ (ማሽኑ ውስጥ የተጫነው መሠረታዊ ፕሮግራም) ካልተነካ ደግሞ ማሽኑ አዲሱን ስክሪን የውጭ ሞኒተር ነው ብሎ ያስባል።

«መስመሩ ከተገናኘ በቃ»

ለኤልኢዲ መብራት አዎ። በኢዲፒ አንድ ጥንድ መስመር በሴኮንድ 2.7 ቢሊዮን ቢት ሊያሳልፍ ይችላል። ጥንዱ እኩል ርዝመት፣ ወደ 100 ኦም የሚጠጋ ኢምፒዳንስ (ለፈጣን ሲግናል ያለው ተቃውሞ)፣ ከሥሩም ያልተቆራረጠ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መዳብ) ይፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰውም ፓነሉን ይረግማል።

«ስክሪኑ ከጨለመ ሞቷል»

ባትሪ አብርታችሁ በጎን እዩት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የሞተው ባክላይቱ ነው። በድሮዎቹ ላይ ቱቦ መሰል መብራት አለ፤ ኢንቨርተር የሚባለው ቦርድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይልክለታል (ሲበራ በእጃችሁ እንዳትነኩት)። ቱቦውን በኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ኢንቨርተሩን በኤልኢዲ ድራይቨር ቦርድ መቀየር ይቻላል። አንድ ወጥመድ አለ፦ በአንዳንድ ማሽን የብርሃን መቆጣጠሪያው ቮልት ሲቀንስ ነው ብርሃኑ የሚጨምረው። ቦርዱ ይህን ካላወቀ ብርሃን ጨምር ስትሉት ይፈዛል።

«ውድ ነው»

የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራሙ ኪካድ በነፃ ይወርዳል። ጥቂት ቁራጭ ብቻ የሚያትሙ ፋብሪካዎችም አሉ፤ ማስመጫው ከቦርዱ ሊበልጥ ይችላል። ቦርዱ ሲደርስ መጀመሪያ ያለ ፓነል ኃይል ስጡትና እያንዳንዱን የኃይል ፒን በመልቲሜትር ለኩ።