ስለ ብስክሌት ጎማ መበሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በፒያሳ አልፌ፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርጄ፣ በለገሃር በኩል ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ በብስክሌት እመላለሳለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ የኋላ ጎማዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። በሦስቱም ቀናት ብስክሌቴን እየገፋሁ ሥራ ገባሁ፤ በሦስቱም ቀናት ስለ ጎማ አመራረጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር ሰማሁ። መካሪዎቼ ሁሉ የተናገሩት በቅንነት ነበር፤ ሆኖም አብዛኛው ምክር ትክክል አልነበረም። በመሐል ከተማው የብስክሌት መስመሮች ከተሠሩ ወዲህ ብስክሌትን ለሥራ መመላለሻ ለማድረግ ያሰቡ ጓደኞቼም በዚሁ ምክር ተመርተው ገንዘባቸውን ያላግባብ ሲያወጡ ስላየሁ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላነሣቸው ወደድሁ።

«ጥርሱ የጠለቀ ጎማ አይበሳም»

ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው አመለካከት ይህ ነው። ሻጮችም ለተራራ የተሠራውን ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ አንሥተው «ይህንን ምን ይበሳዋል?» ይላሉ። ጥርሱ የተሠራው ግን ጭቃንና ልል አፈርን ቆንጥጦ ለመያዝ ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎማ ብዙውን ጊዜ ስስ ነው፤ ሚስማሩም ሆነ ሽቦው የሚገባው በዚያው ስስ ቦታ ነው። መበሳትን የሚከላከለው ከውጭ የማይታየው፣ መሬት ከሚነካው የጎማው መርገጫ ሥር ጎማውን ዙሪያውን የሚከብበው የመከላከያ ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ወይ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ጠንካራ ጨርቅ ነው፣ ወይም ወፍራም የጎማ ንብርብር ነው። የጀርመኑ ኮንቲኔንታል ጌተርስኪን በተባለው ቀጭን ጎማው ውስጥ የፖሊስተር ጨርቅ ያደርጋል፤ የአገሩ ልጅ ሽዋልቤ ደግሞ ማራቶን ፕላስ በተባለው ጎማው ውስጥ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ንብርብር ያስገባል።

የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን በመጀመሪያ መንገዳችን ላይ ምን እንደወደቀ ማየት ያስፈልጋል። በመሐል አዲስ አበባ ጎማ የሚበሳ እሾህ ብዙም አያጋጥምም። የሚያጋጥመን የጠርሙስ ስባሪ፣ ከግንባታ ቦታ የሚወድቅ ሚስማርና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ነው፤ ከእነዚህም የከፋው ያረጀ የመኪና ጎማ ሲበጣጠስ ከውስጡ ተመዝዞ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ቀጭን የብረት ክር ነው። የጠርሙስ ስባሪ ጎማው በዞረ ቁጥር እየተጫነ፣ ጥቂት በጥቂት እየቆረጠ ስለሚገባ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ያስቆመዋል። የብረት ክሩ ግን እንደ መርፌ በጨርቁ ክሮች መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ እርሱን የሚያቆመው የንብርብሩ ውፍረት ነው፣ ምክንያቱም ክሩ አጭር ስለሆነ ከውስጥ አየሩን የሚይዘው ካላማዳሪ ጋ ሳይደርስ ጫፉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በዚህች ከተማ ለሚመላለስ ሰው ወፍራም ንብርብር ያለው ጎማ ይመረጣል። ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ማራቶን ፕላስ ሰፋ ባሉት ልኮቹ አንዱ ጎማ ብቻ 900 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ማታ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲወጡም ልዩነቱ እግር ላይ ይታወቃል። ጠዋት ሥራ በሰዓቱ ለመድረስ የምከፍለው ዋጋ ይህ ከሆነ ግን እኔ በደስታ እከፍለዋለሁ።

«ኬቭላር ተብሎ ከተጻፈበት በቂ ነው»

ኬቭላር የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የነበሩት ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 እ.ኤ.አ. ያገኙት እጅግ ጠንካራ ቃጫ ነው፤ ጥንካሬውን የሚጠራጠር የለም። ችግሩ ቃሉ ጎማ ላይ ሲጻፍ የተለያየ ነገር ሊያመለክት መቻሉ ነው። ተጣጥፎ በሚሸጥ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ቸርኬው ውስጥ የሚገጥመውን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ በብረት ሽቦ ፋንታ በቃጫው ስለተሠራ ጎማው ቀሎ ይታጠፋል እንጂ መርገጫው ከመበሳት የተጠበቀ አይሆንም። ገዢው ሻጩን «ቃጫው ያለው ጠርዙ ላይ ነው ወይስ ከመርገጫው ሥር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሻጩ መልስ ከሌለው ጽሑፉን ከቁም ነገር አይቁጠረው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ውድ ጎማ ሁሉ ጠንካራ ይመስለናል። ለውድድር የሚሠሩ ጎማዎች የሚወደዱት ቀላልና ስስ ሆነው ፍጥነት ስለሚሰጡ ነው፤ በጎማው ጨርቅ አንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ክሮች ቁጥር መብዛቱም የሚያመለክተው የክሮቹን ቅጥነት እንጂ ለሚስማር አለመበገርን አይደለም።

«ድርቅ አድርጎ መንፋት ከመበሳት ያድናል»

እውነቱ በከፊል ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬውና በጎማው መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጡበታል፤ ይህንን አየር መጨመር ይከላከላል። ከልክ በላይ ተነፍቶ የደረቀ ጎማ ግን ስባሪውን ዙሪያውን አቅፎ ከማለፍ ይልቅ ሙሉ ክብደቱን ይጭንበታል፤ በቆብልስቶን ላይም ሰውየውን ያንገጫግጫል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ሊታለፍ የማይገባው ከፍተኛ ልክ እንጂ የዕለት መጠን አይደለም። ወርዱ 47 ሚሊሜትር ለሆነ ጎማና መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ የኋላው ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ትንሽ ይጨመርለታል።

መጠኑን በአውራ ጣት ጨቁኖ ወይም ፓምፑን የገፉበትን ብዛት ቆጥሮ መፍረድ አያስኬድም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ፓምፑ በአንድ ግፊት የሚያስገባው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስገባው ከአምስት አንድ እጅ ባላነሰ ይቀንሳል። ግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ ገዝቶ በየሳምንቱ ማየት ይሻላል። ጎሚስታ ጋ በኮምፕረሰር የሚያስነፋ ሰው ደግሞ ልብ ይበል፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ አልፎ ሊፈነዳ ይችላል፤ ባጭር ባጭሩ እያስነፉ መለካት ያስፈልጋል።

«በክረምት መንገዱ ስለሚታጠብ ጎማ አይበሳም»

ተቃራኒው ነው። ጎርፉ ስባሪውንና ሽቦውን ከየጥጋጥጉ ሰብስቦ እኛ የምንነዳበት የመንገዱ ዳር ላይ ይተወዋል። እርጥብ ጎማን ደግሞ ስለት በቀላሉ ይቆርጠዋል፤ ጎማ በቢላ የቆረጠ ሰው ቢላውን ውኃ ሲያስነካው እንዴት እንደሚቀለው ያውቃል። ጎማ ለመቀየር ያሰበ ሰው ከሐምሌ በፊት ቢቀይር መልካም ነው።

«አየር የሌለው ጎማ ወይም ፈሳሽ መድፈኛ ሁሉን ይፈታል»

ድፍን ጎማ በእርግጥ አይበሳም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ንዝረት ወደ ቸርኬውና ቸርኬውን ወደያዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ ወደ ራጂዎቹ፣ ያስተላልፋል፣ ሲነዱትም ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ሰው አልመክረውም። ካላማዳሪ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ በወራት ውስጥ ግን ይደርቃል፣ ረዘም ያለ ቅድ አይደፍንም፣ ቀዳዳው አካባቢ ከፈሰሰ በኋላም ማስቲሹና ፓቹ አልይዝ ይላሉ። ለጥሩ ጎማ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

«26 ሁሉ 26 ነው»

በዚህ ምክንያት የተገዛ ጎማ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች ጎማ ውስጣዊ ዲያሜትሩ 559 ሚሊሜትር ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ያለው 26 ኢንች ግን 590 ሚሊሜትር ነው፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገጥምም። በአንጻሩ 28 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ባለ 622 ጎማና 29 ኢንች የሚባለው የተራራ ጎማ ዲያሜትራቸው አንድ ነው። የሚያስተማምነው ጎማው ጎን ላይ በትንንሹ የሚታተመው እንደ 47-559 ያለው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ወርዱን፣ ሁለተኛው ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ይነግራል።

«ካላማዳሪው ከተለጠፈ ነገሩ አለቀ»

ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። ሁለት ጊዜ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ካላማዳሪው በሚገባ ተለጠፈልኝ፤ ጎማውን ግን እኔም ሆንኩ ጠጋኙ አልፈተሽነውም። ሦስተኛው ቀን ማታ እቤቴ ፈታሁት። ካላማዳሪውን ነፍቼ ሳየው አዲሱ ቀዳዳ ቀድሞ ከተለጠፉት ሁለቱ አጠገብ ነበር፤ ከቫልቩ ያለው ርቀት በጣት ስለካው ሦስቱም አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ገደማ ላይ ናቸው። ቀዳዳዎቹ በቸርኬው በኩል ቢሆኑ ኖሮ የራጂዎቹን ጫፍና የቸርኬውን መሸፈኛ እፈትሽ ነበር፤ እነርሱ ግን በመርገጫው በኩል ነበሩ። ጎማውን ገልብጬ፣ ከቫልቩ በዚያው ርቀት ላይ የውስጡን ገጽ በጥጥ ቀስ እያልኩ ጠረግሁት፤ በዓይን የሚታይ ምንም አልነበረም፣ በድንገት ግን ጥጡ ተያዘና ነጭ ጭረት ትቶ ቀረ። ከውጭ በኩል በወረንጦ ስስበው ከጥፍር የማይረዝም የብረት ክር ወጣ።

ያንኑ ጎማ፣ ልቀይረው ዋጋ ስጠይቅለት የነበረውን፣ ከዚያ በኋላ አራት ወር ነዳሁበት።