ጆርጅ ማይካን፦ ሕግ የወጣበት ተጫዋች

ጆርጅ ማይካን ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ላይ የነገሠ የመሀል ተጫዋች ነው (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር፣ የመለያው ቁጥር 99፣ መነጽሩ ደግሞ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ውፍረት ነበረው። ዋንጫ የሰበሰቡ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ እሱን ለመግታት ሲባል የጨዋታው ሕግ የተቀየረበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ1924 ኢሊኖይ ውስጥ በጆሊየት ከተማ ተወለደ። አባቱ የክሮኤሽያ ዝርያ ነበራቸው፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረውም በመጠጥ ቤት ነበር። በልጅነቱ ጉልበቱ ክፉኛ ተሰብሮ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አልጋ ላይ ዋለ። ካህን የመሆን ሐሳብ ስለነበረው ቺካጎ በሚገኝ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተምሯል። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ራሱን ሲያሳይ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። በጊዜው አሰልጣኞች በጣም ረጅም ሰው ለቅርጫት ኳስ አይበጅም፣ እግሩ ይተሳሰርበታል ብለው ያምኑ ነበር።

ዕድሉን የከፈተለት በዲፖል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ወጣት አሰልጣኝ ሬይ ሜየር ነው። ሜየር ገመድ አዘለለው፣ ቦክስ አለማመደው፣ እግሩ እንዲፍታታም ዳንስ እንዲማር አደረገ። ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ዛሬም በመላው ዓለም «የማይካን ልምምድ» የሚባለው ነው። ተጫዋቹ ከቀለበቱ ሥር ይቆማል። ከቀኝ በኩል በቀኝ እጁ ኳሷን ከሰሌዳው አጋጭቶ ያስገባል፤ መረቡን አልፋ ስትወርድ መሬት ሳትነካ ይቀልባትና አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተራምዶ በግራ እጁ ይደግማል። ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ። ቀላል ይመስላል፤ ሳያቋርጥ ሃምሳ ጊዜ የሞከረ ትከሻው ይነግረዋል።

የመጀመሪያው ሕግ የወጣው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ከቀለበቱ ሥር ቆሞ የተቃራኒ ቡድን ኳሶችን ሊገቡ ሲሉ ይመታቸው ነበር። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አልነበረም፤ የኦክላሆማው ቦብ ከርላንድም ነበረበት። በ1944 የኮሌጆቹ ማኅበር ወደ ቀለበቱ መውረድ የጀመረች ኳስን መንካት ከለከለ። ማይካን ግን አልተጎዳም። በ1945 ኒው ዮርክ ላይ ዲፖል ሮድ አይላንድን 97 ለ 53 ሲረታ ብቻውን 53 ነጥብ አገባ፤ ተጋጣሚው ቡድን በሙሉ ያገባውን ያህል ማለት ነው።

በ1946 በቺካጎ ጊርስ ክለብ የአምስት ዓመት የ60 ሺህ ዶላር ውል ፈረመ፤ ለጊዜው ብዙ ገንዘብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የክለቡ ባለቤት የራሱን ሊግ ልመሥርት ብሎ ሲከስር፣ ማይካን ለአዲሱ የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ደረሰ። ሌከርስ በጆን ኩንድላ አሰልጣኝነት ከ1948 እስከ 1954 በነበሩት ሰባት የውድድር ዓመታት ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1949 ፍጻሜ ላይ ማይካን የእጁ አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ እያለ 22 ነጥብ አስቆጥሯል።

ይህን ዝና ስናነሳ ሊጎቹ በዚያን ጊዜ ለጥቁር ተጫዋቾች በአብዛኛው ዝግ እንደነበሩ መርሳት አይገባም። የካቲት 1948 ጥቁር ተጫዋቾችን ብቻ የያዘው ሃርለም ግሎብትሮተርስ ቺካጎ ላይ ከ17 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ሌከርስን 61 ለ 59 አሸንፏል። ብዙዎች እንደ ሰርከስ ትርኢት የሚያዩት ቡድን የዘመኑን ኃያል ክለብ በጨዋታ ረታ። ዋናው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ጥቁር ተጫዋቾችን መቀበል የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ማይካንን ለማቆም ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ አስገራሚው የታየው ኅዳር 22 ቀን 1950 ነው። ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ መጥቶ ኳሷን ይዞ ቆመ። አላጠቃም፤ ዝም ብሎ ደቂቃውን አስቆጠረ። ተመልካቹ ቢጮህም ያገዳቸው ሕግ አልነበረም። ፒስተንስ 19 ለ 18 አሸነፈ። ከሌከርስ 18 ነጥቦች 15ቱ የማይካን ነበሩ። እስካሁን በሊጉ ታሪክ ከዚህ ያነሰ ውጤት አልተመዘገበም። እንዲህ ያለው ጨዋታ የመግቢያ ገንዘብ የከፈለውን ሰው እንደሚያባርር ስለታየ፣ በ1954 አንድ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ኳሷን ለማግባት እንዲሞክር የሚያስገድደው ሰዓት መጣ።

በ1951 ደግሞ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆምበት ከቀለበቱ ፊት ያለው ክልል ስፋት ከ1.83 ወደ 3.66 ሜትር በእጥፍ አደገ። ይህኛው ሠርቷል፤ በጨዋታ የሚያገባው አማካይ ከ28.4 ወደ 23.8 ነጥብ ወረደ። በ1954 ቀለበቱን ወደ 3.66 ሜትር ከፍ አድርገው አንድ ጨዋታ ሞከሩ። ቁመት የሌለውን የባሰ ስለጎዳው ተዉት።

በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። በ1956 መጀመሪያ ተመልሶ 37 ጨዋታ ቢያደርግም በሰዓት የሚሮጠው አዲሱ ጨዋታ ለእሱ ፈጣን ነበር። የተማረው ሕግ ስለነበር ጠበቃ ሆነ፣ ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ ሌከርስንም አሠልጥኖ አልተሳካለትም። በ1967 ግን የአዲሱ ኤቢኤ ሊግ የመጀመሪያ ኮሚሽነር ሆኖ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ኳስ አመጣ፤ ቀደም ሲል በሌላ ሊግ የተሞከረውን የሦስት ነጥብ መስመርም አስገባ። ዕድሜውን ሙሉ ከቀለበቱ ሥር ሲያገባ የኖረ ሰው ይህን ማድረጉ ያስቃል።

በኋለኛው ዕድሜው የስኳር ሕመም ጸናበትና በ2000 እግሩ ተቆረጠ። የሊጉ የጡረታ ዕቅድ በ1965 ከመጀመሩ በፊት የተጫወቱ ሰዎች የሚያገኙት አነስተኛ ነው በማለት እስከ መጨረሻው ተሟገተ። ሰኔ 1 ቀን 2005 አሪዞና ውስጥ አረፈ። የቀብሩን ወጪ የሸፈነው እንደ እሱ የሌከርስ የመሀል ተጫዋች የነበረው ሻኪል ኦኒል ነው።