አነስተኛ ካሊበር ጠመንጃ፦ ሰደፍና መነጽር የመቀየር ሥራ (ከአዳማ የተሰናዳ ዳሰሳ)

አነስተኛ ካሊበር ጠመንጃ ሲባል በአብዛኛው 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ጥይት የሚተኩሰው ማለት ነው። ቀለሃዋ ሳይቆጠር ጥይቷ 2.6 ግራም ያህል ትመዝናለች። ስትተኮስ ትከሻን አትመታም፣ ድምጿም ጆሮ አይበጥስም። በብዙ አገር ኢላማ ተኩስ የሚማሩ ሰዎች የሚጀምሩት በእሷ ነው። በአማርኛ ግን ስለ ጠመንጃ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ምንሽርና ስለ በልጅግ ነው። ይህችን ትንሿን የሚያስታውሳት የለም። ዳሰሳው የተሰናዳው ለዚህ ነው።

ቋንቋችን የጠመንጃ ቃል አያጥረውም። ሰደፍ፣ ቃታ፣ አፈሙዝ፣ ቀለሃ፣ ኢላማ፤ ሁሉም በቋንቋችን የተለመዱ ናቸው። ከውጭ የመጣውንም አባቶቻችን በራሳቸው አፍ አስገብተውታል። የፈረንሳዩ ግራ ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር ሆነዋል። ዲሞትፎር የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ግን ሰዎች ይከራከሩበታል።

ታሪክ

ጥይቷ በ1887 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስቲቨንስ በተባለ ፋብሪካ ተሠራች።

ሰደፉንና ሌላውን ክፍል እየቀየሩ ጠመንጃውን የማሻሻል ልማድ የተስፋፋው ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ሩገር 10/22 የተባለው ጠመንጃ ከወጣ በኋላ ነው። 10 ጥይት የሚይዘው ካርታው ክብ እየዞረ ያጎርሳል፤ ከእንጨቱም ወደ ታች ተርፎ አይታይም። ዋናው ነገር አገጣጠሙ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው አንድ ብሎንና ከፊት ያለ ቀለበት ብቻ ነው። አፈሙዙ በሁለት ብሎን ይፈታል። የቃታው ክፍል በሁለት ዘንግ ተሰክቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሙሉ በሙሉ ሊፈታው ይችላል። ይህን ያዩ አምራቾች ሰደፍ፣ አፈሙዝና ቃታ ለየብቻ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ ከፋብሪካው አንድም ክፍል ሳይወሰድ፣ ሙሉውን ከሌሎች አምራቾች በተገዛ ዕቃ መገጣጠም ይቻላል። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቀጭኑና ወፍራሙ አፈሙዝ የሚያርፉበት ቦይ የተለያየ ነው። ለቀጭኑ የተቦረቦረ እንጨት 23 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን አይቀበልም።

በጀርመን አንሹትዝ፣ በቼክ ሲዜድ የተባሉት ፋብሪካዎች ጠመንጃዎች ደግሞ የሚታወቁት ለትክክለኛነታቸው ነው።

ሰደፍ

እዚህ ላይ ሰደፍ የምንለው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ብቻ ሳይሆን ብረቱን የሚሸከመውን እንጨት በሙሉ ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሮጠው ኢላማን አጉልቶ ወደሚያሳየው መነጽር ነው። ይህ ስህተት ነው። ልብስ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ጠመንጃም በልክ መሆን አለበት።

ለዚህ የኦሎምፒክ ተኳሾች ምስክር ናቸው። በ50 ሜትር ውድድር የሚያጎላ መነጽር ክልክል ነው። የአስር ቁጥር ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ይህን በባዶ ማነጣጠሪያ ይመቱታል። ሰደፋቸውን ብታዩት ግን ሁሉ ነገሩ ይንቀሳቀሳል፦ ጉንጭ የሚያርፍበት፣ ትከሻ የሚነካው፣ መጨበጫው።

ሁለት ልኬቶች ከሁሉ ይቀድማሉ። አንደኛው ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ለአዋቂ 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደረጋል። ክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ይቆረጣል፤ ለረጅም ደግሞ የጎማ ትራስ ይጨመራል። ሁለተኛው የጉንጭ ከፍታ ነው። ዓይንን ጨፍኖ ጉንጭን ማሳረፍና ከዚያ መግለጥ ነው። ዓይን ቀጥታ ማነጣጠሪያው ላይ ካልወደቀ ሰደፉ ልክ አይደለም ማለት ነው።

እንጨቱ በውጭ አገር በብዛት ዋልነት የተባለ ዛፍ ነው፤ ቀላል ነው፣ ሲደርቅም ቅርጹን አይለቅም። በእኛ አገር ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል። የአዳማ አናጺዎች በዋንዛ አልጋና ሶፋ ሲሠሩ ያየ ሰው ሙያው እንዳለ አይጠራጠርም። ዋናው እንጨቱ በደንብ መድረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ቆይቶ ይጠማዘዝና አፈሙዙን ይገፋል። መፈተኛው ቀላል ነው። የብር ኖት በአፈሙዙና በእንጨቱ መሐል አስገብቶ መጎተት ነው። ሳይያዝ ካለፈ አፈሙዙ ነጻ ነው። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግሞ መቀባት ያምርበታል፤ እርጥበትም ይከላከልለታል።

ሕግ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ፈቃድ ያለውም ሰው ብሎን ከመንካቱ በፊት ፈቃዱን የሰጠውን አካል ይጠይቅ።

መነጽር

4×32 የሚል ጽሑፍ አራት እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለዚህ ጠመንጃ ይህ በቂ ነው። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ለ100 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በ50 ሜትር ሲታይበት ዓይን ትንሽ ሲንቀሳቀስ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀልም ኢላማው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለ50 ሜትር አካባቢ የተስተካከለውን መምረጥ ይሻላል።

መነጽር ሲጫን ዓይን ከፍ ይላል። የድሮው ሰደፍ ግን ለዝቅተኛ ማነጣጠሪያ የተቆረጠ ነው። ጉንጭ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አንገት ይደክማል። ሰደፍ ይቅደም የምንለው ለዚህ ነው።

የአዳማ ንፋስ

አዳማ በንፋሷ የታወቀች ናት። አዳማ አንድ የንፋስ ኃይል ማመንጫ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ንፋስ 2.6 ግራም ጥይት ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ በ50 ሜትር ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይገፋታል። ከአስር ቁጥር ክብ ወጣች ማለት ነው። የሚገርመው ፈጣኗ ጥይት ይብስባታል። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ትነሳና ወዲያው ፍጥነቷን ትጥላለች፤ ንፋሱ የሚያገኛት ያኔ ነው። በአዳማ ዝግ ያለችዋን መምረጥ ያዋጣል። ምንም ውድ መነጽር ይህን አያስተካክልም።

ከተማዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ቢያንስ በ15 በመቶ የሳሳ ነው። በቆላ የተስተካከለ መነጽር እዚህ እንደገና መታየት አለበት። ጥይቷ ትንሽ ናት ተብላ መናቅ የለባትም፤ እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ልትሄድ ስለምትችል ከኢላማው ጀርባ ወፍራም የአፈር ክምር የግድ ነው።

ሰደፍ በተቀየረ ቁጥርም ማስተካከሉ ከ25 ሜትር ይጀመራል፣ ከዚያ ወደ 50 ይኬዳል። ንፋሱ ጋብ እስኪል ይጠበቅ። በተለመደው መነጽር አንድ ቀጭታ (የማስተካከያው ቁልፍ ሲዞር አንዴ ቀጭ ማለቱ) በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ጥይቷ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ከወጣች፣ 11 ቀጭታ ወደ ቀኝ ነው።