ደሴ ላይ ስለ ልጅነት ልምሻ ክትባት የሚወራውና እውነታው

የፖሊዮ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ቡና ላይ የሚነሱ ወሬዎች አሉ። አንዳንዶቹን እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«መርፌው የሀብታም አገር ነው፤ ጠብታው ለድሃ የተተወ።»

ለማመን ይቀላል፤ ግን አሜሪካ ራሷ እስከ 2000 ድረስ ልጆቿን በጠብታ ስትከትብ ነበር። መርፌው ቀደመ። ጆናስ ሳልክ በሞተ ቫይረስ የሠራው ክትባት በ1955 ተፈቀደ። አልበርት ሳቢን ደግሞ ቫይረሱን ሳይገድል አዳክሞ በአፍ የሚሰጥ አደረገው። አሜሪካ ውስጥ መርፌው ቦታውን ይዞ ስለነበር፣ ትልቁ የጠብታ ሙከራ በ1959 ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ተካሄደ፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ። ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል!

ቫይረሱ የሚራባው አንጀት ውስጥ ነው፤ የሚተላለፈውም በሰገራ። ጠብታው እዚያው አንጀት ላይ መከላከያ ይገነባል። መርፌው ልጁን ከሽባነት ያድናል፤ አንጀት ላይ ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ልጆቻችን ሁለቱንም የሚወስዱት ለዚህ ነው።

«ክትባቱን ሳልክ ብቻውን ፈለሰፈው።»

ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1949 ቫይረሱን ከነርቭ ሌላ በሆነ ሕዋስ ላይ ባያሳድጉት ኖሮ በብዛት ማምረት ባልተቻለ። ኖቤሉም የነሱ ነው። ሳልክም ሳቢንም አላገኙትም።

«ጠብታው ራሱ ልምሻ ያመጣል።»

ይህን በደፈናው «ውሸት ነው» የሚል ባለሙያ ሰው ያርቃል። እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ከ2.7 ሚሊዮን የመጀመሪያ ጠብታዎች በአንዱ ገደማ። ሌላም አለ። ብዙ ልጅ ያልተከተበበት ሰፈር ውስጥ የተዳከመው ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ከርሞ ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ2016 ከፖሊዮ ቫይረስ ዓይነቶች አንዱ፣ ዓይነት ሁለት የሚባለው፣ ከመደበኛው ጠብታ ወጣ። በኋላም በቀላሉ እንዳይለወጥ ተደርጎ የተሠራ አዲስ ጠብታ መጣ። እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ከሆነ፣ አደጋው የሚሰፋው ክትባት ባልተዳረሰበት ሰፈር ነው።

«ሽባ የሆነውን እግር ይመልሳል።»

አይመልስም። ይከላከላል እንጂ አያክምም።

«ባለፈው ጣቱን ቀለም ቀብታችሁት የለ? ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?»

እትዬ፣ አንድ ጠብታ ሁሉም ልጅ ላይ አይይዝም፤ ለዚህ ነው የሚደጋገመው። ቢደገም አይጎዳውም። ቀለሙ የሚያሳየው የዚያን ዙር መውሰዱን ብቻ ነው።