የማኒፎልድ ጭስ ማፍሰስ ምንድን ነው? ጓርኒሲዮን ተቀይሮም ለምን ይመለሳል?

ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ከጎኑ «ጥክ ጥክ» የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይፈጥናል፣ መኪናው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይጎላል፣ ሞተሩ ደህና አድርጎ ሲሞቅ ደግሞ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ብዙዎች የቫልቭ ድምፅ ነው ብለው ዘይት ይቀይራሉ። ነገር ግን ከጭነት ጋር የሚጎላና ከሙቀት ጋር የሚጠፋ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማኒፎልዱ ነው፦ ጭሱ ወደ ማርሚታ ከመድረሱ በፊት በስንጥቅ ወይም በክፍተት እየሾለከ ነው ማለት ነው።

ማኒፎልድ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሲሊንደሮቹ ክዳን) ጎን የሚታሰር፣ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ተቀብሎ ወደ አንድ ቧንቧ የሚያደርስ ክፍል ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው በአብዛኛው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት፣ የተሠራ ወፍራም ቁራጭ ነው። በኋላ የሚገጠመው ሄደር ደግሞ ከቀጫጭን ቧንቧዎች በብየዳ የተያያዘ ነው። ሁለቱም ከቴስታታው ጋር በሚገናኙበት ፊት፣ ማለትም ቡሎኖቹ በሚያልፉበት ጠፍጣፋ ብረት (ፍላንጅ) ላይ፣ ክፍተቱን የሚደፍን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ አላቸው። ጭሱ የሚያመልጠውም በብዛት እዚያ ነው።

ድምፁን ከመስማት በላይ ማየት ይሻላል። ጓርኒሲዮኑ ዳርና በቡሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ ቦታው ታውቋል ማለት ነው። ካልታየ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫኪዩም ክሊነርን የመንፊያ ጫፍ በጨርቅ አጥብቆ የማርሚታው መጨረሻ ላይ መግጠምና የሳሙና ውኃ በማኒፎልዱ ፊት ላይ መርጨት ይበቃል፤ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። ሞተሩ ግን መጥፋት አለበት። አረፋው ከፊቱ ሳይሆን ከማኒፎልዱ አካል ላይ ከወጣ፣ የተሰነጠቀው ማኒፎልዱ ራሱ ስለሆነ ጓርኒሲዮን መቀየር ምንም አይጠቅምም።

እንዲሁ ተውት የሚባል ጉዳት አይደለም። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በወለሉ ቀዳዳዎችና በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ጋቢና ሊገባና ሰው ሊገድል ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ በጭሱ ግፊት መሃል በሚፈጠረው ስበት ውጭ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩም «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ስለሚያነብ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ጓርኒሲዮን ተቀይሮ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመለስ ጭስ የጓርኒሲዮን ችግር አይደለም። ጓርኒሲዮኑ ተጎጂ ነው፤ ጎጂው ሌላ ቦታ አለ፣ እሱን ሳያገኙ አዲስ መግጠም ወጪውን መድገም ብቻ ነው።

ጎጂው ብዙ ጊዜ የብረት መርዘም ነው። 1 ሜትር ጊዛ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር 1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም ከዚህ እጥፍ በላይ፣ 2.3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ነገር ግን ቴስታታውን ውኃ ስለሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ እንደ ማኒፎልዱ አይጨምርም። 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የጊዛ ማኒፎልድ በ400 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ማኒፎልዱ በቴስታታው ላይ ይንሸራተታል፣ ጓርኒሲዮኑንም እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። እንቅስቃሴው የሚበዛው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፤ የሚሰበረው ቡሎንም በብዛት የጫፍ ቡሎን የሆነው ለዚህ ነው።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። በብዙ ማኒፎልዶች ላይ የመሃሉ ቀዳዳ ጠበብ ያለ፣ የጫፎቹ ደግሞ ሰፋ ያሉ ወይም ሞላላ ናቸው፤ ብረቱ ወደ ጎን እንዲሄድ የተተወ ቦታ ነው። ያን ክፍተት «ልል ነው» ብሎ በወፍራም ቡሎን ወይም በብረት ቀለበት (ቡሽ) መሙላት ትልቅ ስህተት ነው። መሄጃ ያጣ ብረት ይጎብጣል፣ ወይም ቡሎኑን ይቆርጠዋል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ጎጂ የታጠፈ ፊት ነው። ማኒፎልዱ ሲወርድ አሮጌው ጓርኒሲዮን ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል፤ አሉሚኒየም ቴስታታ ላይ የብረት መፋቂያ ፊቱን ስለሚቧጥጥ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ይሻላል። ከዚያ ቀጥተኛነቱ የተረጋገጠ የብረት ማስመሪያ በሁሉም ቀዳዳዎች ላይ ተጋድሞ በሥሩ ውፍረቱ የታወቀ ስስ የመለኪያ ላሜራ ይሞከራል። የሚፈቀደው ልክ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የመኪናው መመሪያ ይቀድማል፤ መመሪያ ከሌለ 0.2 ሚሊሜትር ላሜራ የሚያልፍበትን ማኒፎልድ ፊቱን በማሽን ማስተካከል ብልህነት ነው። ቴስታታውም መለካት አለበት፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሄደር ከሆነ የፍላንጁን ውፍረት ይመልከቱ፦ 9 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነው ይቆማል፣ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነው ግን በብየዳው ሙቀትም በቡሎኑ ጉልበትም በቀላሉ ይታጠፋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነን የሄደር ፍላንጅ በቀዳዳዎቹ መካከል ቆርጦ እያንዳንዱ ቧንቧ ለብቻው እንዲቀመጥ ማድረግ የተለመደና የሚሠራ መፍትሔ ነው። በጊዛ ማኒፎልድ ላይ ግን አይሞከርም።

ሦስተኛው ከታች ያለው ቧንቧ ነው፣ በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት። የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማ ከተበጠሰ ወይም ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ ከሞተ፣ የቧንቧው ክብደትና የሞተሩ መወዛወዝ በሙሉ በማኒፎልዱ ላይ ያርፋል። የታችኛውን ቧንቧ ሲፈቱ ወደ ጎን ዘሎ ከሄደ፣ ማኒፎልዱን እየጎተተው ነበር ማለት ነው።

ሥራው ላይ የሚያስቸግረው ቡሎን መፍታቱ ነው። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ይረጫል፤ ቡሎኑ እንቢ ሲል በጉልበት አይጠመዘዝም፣ ትንሽ ይፈታና መልሶ ይጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል። ከተሰበረና ጫፉ ከወጣ፣ ሮንዴላ ከዚያም ዳዶ ተደርጎበት በመሃሉ ይበየዳል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል። ከፊቱ በታች ከተሰበረ ልክ መሃሉ ላይ በሹል የብረት ምልክት ማድረጊያ ተመትቶ ይበሳል። መሰርሰሪያው ወደ ጎን ከሸሸ ለስላሳውን አሉሚኒየም ነው የሚበላው፤ የቀዳዳው ጥርስ ከተበላሸ በውስጡ አዲስ የብረት ጥርስ መክተት የግድ ይሆናል።

ሲገጠም ከበርካታ የብረት ንብርብር የተሠራ ጓርኒሲዮን ከወረቀት መሰሉ በጣም ይበልጣል፣ ምክንያቱም መንሸራተቱን ይችላል። ሲሊኮን አይቀባ፤ ለከፍተኛ ሙቀት የተባለው እንኳ እስከ 350 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆየው፣ ማኒፎልዱ ደግሞ በጭነት ላይ ከ500 ያልፋል። ተራ የስፕሪንግ ሮንዴላም በዚህ ሙቀት የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል። ቡሎኖቹ አዲስ ይሁኑ፤ ጥርሳቸው ላይ እንዳይጣበቁ የሚቀባው የኒኬል ቅባት ስስ ሆኖ ይቀባል። የተቀባ ጥርስ በቀላሉ ስለሚዞር፣ ለደረቅ ቡሎን የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ ከአምስት አንድ እጅ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል።

አጠባበቁ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየተፈራረቀ፣ በሦስት ዙር ነው። የመኪናው መመሪያ ከሌለ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን 20 ኒውተን ሜትር፣ ለ10 ሚሊሜትር 40 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። የታችኛው ቧንቧ የሚታሰረው ማኒፎልዱ ከጠበቀ በኋላ፣ ማንጠልጠያዎቹ ደግሞ በመጨረሻ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መጎተቱ ተመልሶ ይመጣል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ያው ልክ በያው ቅደም ተከተል እንደገና ይፈተሻል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ። በዚያን ጊዜ አንዱ ቡሎን ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ልል ሆኖ ከተገኘ፣ አጥብቆ ከማለፍ በፊት በእሱ በኩል ያለው ፊትና ጥርስ ይታይ።