ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር

ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ተራ ገብተው ማዕድ እያዘጋጁ በጸሎት የሚሰበሰቡባቸው፣ ነዳያንን የሚመግቡባቸውና እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው ማኅበራት ናቸው። ሰንበቴ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ በሰንበቴ ቤት ወይም በደጀ ሰላም ይደረጋል። ጽዋ በወር አንድ ጊዜ ማኅበሩ በተሰየመበት በዓል ዕለት በተረኛው ቤት ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ከእድርና ከእቁብ ጋር ተደርበው ይጠራሉ። ነገር ግን እድር ለቀብር፣ እቁብም ለገንዘብ የተቋቋመ ነው። ጽዋ የሚጠጣው በቅዱሱ ስም በመሆኑ ካህን ሳይባርከው አይቀመስም።

የሥርዓቱ ሥር የሐዋርያት ዘመን የፍቅር ማዕድ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ያመኑት ሁሉ አብረው ይኖሩ፣ ያላቸውንም በጋራ ያደርጉ ነበር፤ በምዕራፍ 6 ደግሞ ለመበለቶች የሚሰጠው ዕለታዊ ምግብ እንዳይጓደል ሰባት ዲያቆናት ተሾሙ። ጽዋ የሚለው ስም በማቴዎስ 10፥42 ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ከተሰጠው ተስፋ ጋር ይያያዛል። በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይህን ተስፋ በሕዝቡ ልብ አትሞታል። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ፤ መታሰቢያውም የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት ይውላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ስለ ማርያም» የሚለው የነዳያን ጥሪ ከዚሁ እምነት የመጣ ነው።

በታሪክ በኩል ብዙ የተጻፈለት 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) መጽሐፉ በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ፣ 33ቱ የእመቤታችን በዓላትም እንዲከበሩ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር ይሉ የነበሩት የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቀው የሁለቱ ሰንበታት፣ የቅዳሜና የእሑድ፣ አከባበር ጸና። ሕዝቡ የወር በዓላትን ቆጥሮ እንዲያከብርና ሰንበትን በማዕድ እንዲያጅብ ከዚህ የበለጠ የገፋ ዘመን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጎንደር ዘመን አድባራትም ሥርዓቱን ይዘው ቆይተዋል። የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን አጥቢያዎች ይተዳደሩበት የነበረውን ርስት አጡ፤ ካህናቱንና ደጁን ያቆመውም የምእመናን መዋጮ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ጉልበት ነው።

የጽዋ ማኅበር ስሙን ከቀኑ ይወስዳል። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ ናቸው። የአባላቱ ቁጥር በወሩ ቁጥር ይለካል፦ 12 ከሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት አንዴ፣ 24 ከሆኑ በሁለት ዓመት አንዴ ተራ ይደርሰዋል። ከ24 ሲያልፉ ተራው ስለሚራራቅ አዲስ ማኅበር መመሥረት ይሻላል፤ ሁለት ሰው ደርቦ ማውጣትም የተለመደ መፍትሔ ነው። በሰንበቴ ግን ዓመቱ 52 እሑድ ስላለው አባላቱ 52 ቢሆኑ አንድ ዙር ይሞላል፤ 26 ቢሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

ተረኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ ማስላት ያለበት ዕለቱ ጾም መሆን አለመሆኑን ነው። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ የወሩ በዓል በየወሩ በሳምንቱ ቀን ሁለት ቀን ወደ ፊት ይሄዳል፦ በዚህ ወር ሰኞ የዋለው 21 በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ከዚያ በኋላም ዓርብ ይውላል። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲታለፍ ግን ጳጉሜን 5 ቀን ሲሆን ቀኑ አይለወጥም፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን ብቻ በአንድ ቀን ይገፋል። ረቡዕና ዓርብ ከዋለ ገበታው የጾም ይሆናል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አትክልት። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ይህ አይጠበቅም። ሰንበቴ በዐቢይ ጾም ውስጥም ይቀጥላል፤ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት (ከሥጋና ከወተት) እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይጾም፣ ከቅዳሜ ሥዑር በቀር፣ ማዕዱ በጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ይቀርባል።

የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ የንስሐ አባት የሆነው ካህን ከማኅበሩ ጋር ይቀመጣል። የወንዶች፣ የሴቶችና የጋራ ማኅበራት አሉ። ሕጉ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ ሦስት ነገር ግን መጻፍ አለበት፦ ተራ በዕጣ መውጣቱ፣ ሰዓት ላረፈደና ለቀረ የሚከፈለው መቀጫ፣ ያዘነና የታመመ ተረኛ ተራውን ከሌላ ጋር የሚለዋወጥበት መንገድ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ጠብ የሚነሳው ከእርሱ ነው።

ዝግጅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀመራል፣ የሚያዘገየውም ጠላው ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ያልታጠነ ጋን ጠላውን ያኮመጥጣል። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይህ ጥንስሱ ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ቀጥሎ የጌሾው እንጨትና አሻሮው ገብቶ ድፍድፉ ይሆናል፤ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ አፉ በጥብቅ ይታሸጋል፣ ለአምስት እስከ ሰባት ቀንም ይተዋል። በቆላ ቶሎ ይደርሳል፣ በደጋ ይዘገያል። ሳይደርስ የተከፈተ ጠላ ሆድ ይነፋል። ዳቦው ድፎ ሲሆን ከዋዜማው ማታ ይቦካል፤ ሊጡ በደንብ ሳይነሣ ከተጋገረ መካከሉ ጥሬ ይቀራል፣ ሲቆረስም ይጋለጣል። ለ24 አባል ማኅበር የሚያስተናግድ ሰው ለ24 ብቻ አያስብም፤ ካህናትና ዲያቆናት፣ ባለትዳሮች፣ ጎረቤትና ነዳያን ሲጨመሩ ለ50 ሰው ማሰናዳት አስተማማኝ ነው።

በዕለቱ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ አስቀድሞ ጸሎት ይደረጋል፤ በአንዳንድ ማኅበር ውዳሴ ማርያም ይደገማል፣ ገድል ወይም ተአምር ይነበባል። ካህኑ ዳቦውን በመስቀል ባርኮ ይቆርሳል፣ ጠላውንም ይባርካል። ከዚህ በኋላ ምግቡና መጠጡ ጸበል ጸዲቅ ነው፤ ቁራሹ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ መሬት እንዳይወድቅም ይጠነቀቁለታል። ነዳያን ከአባላት በኋላ በትራፊ ሳይሆን ከተባረከው ገበታ፣ ቢቻል ቀድመው ይመገባሉ። ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከቅዱሱ ሥዕል ጋር በመጨረሻ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ ተረካቢውም ቆሞ ይቀበላል፣ ማኅበሩም «ከዓመት ዓመት ያድርስልን» ይላል። በመካከላቸው የተጣሉ ካሉ ከጽዋው በፊት ይታረቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ማኅበርተኞች ይህን የሚያደርጉት በማዕዱ ፊት መሆኑ ለማኅበሩ የሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። የታመመ ይጠየቃል፣ ያለፈው በጸሎት ይታሰባል፣ ለልጆቹም ማኅበሩ እንደ ዘመድ ይቆማል።

ሥርዓቱን የሚያበላሸው በዋናነት ፉክክር ነው። አንዱ በግ ሲያርድ ቀጣዩ በሬ ማሰብ ይጀምራል፣ ድሃው አባልም እንዳይዋረድ ተበድሮ ያወጣል ወይም ማኅበሩን ጥሎ ይወጣል። ለዚህ ሁነኛ መድኃኒት የወጥ ዓይነትና የሥጋ መጠን በሕጉ ላይ መወሰን ነው፤ አንድ ወጥ፣ እንጀራ፣ ዳቦና ጠላ ብቻ ብሎ የወሰነ ማኅበር ይዘልቃል። ሁለተኛው መጠጥ ነው፦ አረቄና ቢራ በጽዋ ገበታ ላይ መግባቱን ብዙ ካህናት ይከለክላሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ የገሠጸው በእንዲህ ያለ ማዕድ ላይ ነበር። 

በከተማ አሁን በርካታ ማኅበራት ማዕዱን አሳንሰው ገንዘቡን በጋራ ያስቀምጣሉ። ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና አልባሳት ይገዛሉ፤ የታመመ አባል ያሳክማሉ፤ የቤተ ክርስቲያንን ባህላዊ ትምህርት ለሚማሩ ለአብነት ተማሪዎችም ይልካሉ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ማኅበረ ቅዱሳን የአብነት ትምህርት ቤቶችን በማደራጀት ይህን ሥራ አስፍቶታል። ልገሳው ለየተማሪው እጅ ሳይሆን በየኔታና በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በኩል በደረሰኝ ይሰጥ፤ እጅ በእጅ ሲታደል ትንንሾቹ ተማሪዎች ይቀማሉ። በሶና ቆሎ ለዓመት ስለማይቆይ በየሦስት ወሩ መላክ ይሻላል፣ እህል ሲላክም ማስፈጫው አብሮ ይታሰብ። እከክና ቅማል በተማሪዎቹ ጎጆዎች ስለሚበረታ ብዙ ሰው የሚረሳው ሳሙና፣ ልብስና ብርድ ልብስ ከእህሉ እኩል ያስፈልጋል።