ደሴትን ውሃው ብቻ አይጠብቃትም

ከባሕር ዳር ሆኖ ክብራን ገብርኤልን የሚመለከት ሰው፣ በጦርነት ዘመን ንዋያተ ቅድሳት ለምን ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ እንደነበር ለመረዳት አይቸገርም። ይሁን እንጂ ስለ ደሴት አገሮች መከላከያ ሲወራ፣ ከዚሁ እይታ የሚነሡና ሊታረሙ የሚገባቸው አመለካከቶች ይሰማሉ።

«ውሃ ራሱ ምሽግ ነው።»

ውሃ የሚያግደው ጀልባ የሌለውን ነው፤ ላለው ግን መንገድ ነው። ውሃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ የማያገለግለው የደንገል ታንኳ እንኳ እንጨት ጭኖ ጣናን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ1066 የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ደቡባዊውን ጠረፍ ለወራት ካስጠበቀ በኋላ፣ ስንቅ ስላለቀ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሠራዊቱን በተነ። ከፈረንሳይ ጠረፍ የተነሡት ኖርማኖች በዚያው ወር መጨረሻ ሲደርሱ እሱ በሰሜን ከኖርዌይ ወራሪዎች ጋር ተዋግቶ ገና ስላልተመለሰ፣ ተከላካይ ሳይገጥማቸው ከመርከብ ወረዱ። ባሕሩ ያው ነበር፤ የጎደለው ስንቅ ነው።

«ጃፓንን ከሞንጎሎች ያዳናት ማዕበል ነው።»

ይህ አባባል የተከላካዮቹን ድካም ስለሚሰርዝ ከሁሉም በላይ ሊታረም ይገባዋል። ጃፓኖች ከ1274ቱ ወረራ በኋላ፣ ጠላት በወረደበት በሃካታ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የድንጋይ ግንብ ገነቡ። በ1281 የተመለሰው ጦር ግንቡን ማለፍ አልቻለም፤ ሌሊት ሌሊትም ተዋጊዎች በትናንሽ ጀልባዎች እየቀረቡ መርከቦቹን ያጠቁ ነበር። በዚህ ምክንያት ወራሪው አስተማማኝ የመሬት ይዞታ ሳያገኝ ሳምንታት አለፉ፤ በኦገስት የተነሣው ማዕበል ያገኘውም ይህን ባሕር ላይ የታገደ የመርከብ ክምችት ነው።

«ሲንጋፖር የወደቀችው መድፎቿ ወደ ባሕር ብቻ ስለሚተኩሱ ነው።»

በርካታዎቹ ወደ የብስ መዞር ይችሉ ነበር። በ1942 የጃፓን ጦር በየብስ በኩል ሲመጣ ችግር የሆነው አብዛኛው ጥይታቸው የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ በመሆኑ በእግረኛ ጦር ላይ እምብዛም አለመጥቀሙ ነው።

«ወረራን የሚመክት ጦር ድንገተኛ ዘረፋንም ይመክታል።»

ዘራፊ መሬት መያዝ አይፈልግም፤ ጦሩ ሲደርስ እሱ ሄዷል። በ1551 የኦቶማን መርከቦች ከማልታ አጠገብ ያለችውን የጎዞን ሕዝብ አብዛኛውን በባርነት ወሰዱ። ማልታን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች በ1658 እና በ1659 በጠረፉ ላይ 13 የመጠበቂያ ማማዎችን የሠሩት፣ አንዱ ከጎረቤቱ እንዲታይና ምልክት እንዲቀባበል አድርገው ነው። በየማማው ያሉት ጥቂት ዘቦች መርከብ ማስቆም አይችሉም ነበር፤ ይሁንና ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቅጥር የሚገባበትን ጊዜ ያስገኙለት ነበር።